ካርቱም ላይ የታመመው ተማሪ

የሚነበብ ክፍል፦ የሐዋርያት ሥራ 16፥6-10፤ ወደ ፊልሞና ቁጥር 10-18

 በዚህ ሳምንት ከምንባቡ ጋር የአንድ ሰው ሕይወት እንድታነቡ ፈልጌአለሁ። ስሙ ኦኔሲሞስ ነሲብ ይባላል። አባ ገመቺስም ይሉታል። የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስን የተረጎመ እሱ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ስናስበውም ሥራውን የጨረሰ፣ የተከበረ ሽማግሌ አድርገን ነው። እኔ ግን ዛሬ ልነግራችሁ የምፈልገው ወጣት ስለነበረበት ጊዜ ነው። ትምህርቱን ጨርሶ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአገልግሎት ሲላክ፣ ያም የመጀመሪያ ጉዞው እንዴት እንዳልሆነለት። አባት ናቸውና አንቱ ማለት ይገባኝ ነበር፤ የምተርከው ግን የወጣትነቱን ስለሆነ እሱ እያልኩ እቀጥላለሁ፣ እንዳትታዘቡኝ።

በተለይ የምጽፈው ለእናንተ ለወጣቶች ነው። በተማሪዎች ኅብረት ውስጥ ተለማማጅ ሆናችሁ የምታገለግሉ አላችሁ። ምንጣፍ ታነጥፋላችሁ፣ ሕፃናት ታስተምራላችሁ፣ መዝሙር ትመራላችሁ፣ አቅመ ደካማ ለሆኑ እናቶች ጄሪካን ተሸክማችሁ ውኃ ትቀዳላችሁ። ከእናንተ መካከል አንዳንዶቹ ማታ ማታ እየመጣችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ጥያቄው ቃሉ ይለያያል እንጂ አንድ ነው። ጌታ ለአገልግሎት ከጠራን ለምን እዚህ አስቀመጠን? ኬዙ አይንቀሳቀስም፣ መውጫ ፈቃድ የለም፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ለመግባት ዕድሜ እየሄደ ነው። እኔ ለዚህ ጥያቄ መልስ አለኝ ብዬ አልጽፍም። የዚህን ሰው ታሪክ ግን አውቃለሁና እሱን ልንገራችሁ።

ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በእኛ ለማወቅ ሰባት ወይም ስምንት ቀንሱ።

የተወለደው በ1856 ገደማ ኢሉባቦር ውስጥ፣ ሁሩሙ በምትባል አገር አጠገብ ነው። ወላጆቹ ሂካ ብለው ስም አወጡለት። ኦሮምኛ የምትናገሩ ታውቁታላችሁ፣ የሚፈታ፣ የሚተረጉም ማለት ነው። እናትና አባቱ ያኔ ምን አስበው ይህን ስም እንዳወጡ እንጃ። ገና ትንሽ ልጅ ሳለ አባቱ ሞተበት። ከዚያም ባሪያ ፈንጋዮች ያዙት። ዮሴፍን ወንድሞቹ ለነጋዴዎች ሸጡት፣ ነጋዴዎቹም ግብፅ ወስደው ለጲጥፋራ ሸጡት፤ ሁለት ጊዜ ማለት ነው። ይህ ልጅ ግን ስምንት ጌታ ቀያየረ። ስምንት ጊዜ ሰው ጥርሱንና ክንዱን አይቶ ዋጋ ተከራከረበት። ከመካከላችን በደላላ እጅ አልፎ ከአንዱ ወደ ሌላው የተላለፈ ሰው ካለ፣ ይህን ሲያነብ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በመጨረሻ ቀይ ባሕር ዳር ምጽዋ ደረሰ። በ1870 ቬርነር ሙንዚንገር የሚባል የስዊስ አገር ሰው ነፃ አወጣውና በዚያ ለነበሩት የስዊድን ሚስዮናውያን ትምህርት ቤት ሰጠው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። እነዚህ ስዊድናውያን ምጽዋ የደረሱት በ1866 ነበር። የመጡት ለኦሮሞ ሕዝብ ወንጌል ለማድረስ ነበር፣ ግን መንገዱ ተዘግቶባቸው እዚያው ባሕር ዳርና ኩናማ አገር ቀርተው ነበር። እነሱ ሊሄዱበት ያልቻሉት አገር ልጅ በባሪያ ነጋዴ ተነድቶ እነሱ በር ላይ ደረሰ። ይህን ስል ባርነቱን እግዚአብሔር አዘጋጀው እያልኩ አይደለም። እንደዚህ ብለው የሚሰብኩ አሉ፤ እኔ አፌ አይደፍርም። የዚያች እናት ልጅ ተሰርቆባታል፣ ነገሩ ያ ነው። የተሰረቀውን ልጅ ግን ጌታ መንገድ ላይ አልጣለውም።

መጋቢት 31 ቀን 1872፣ በትንሣኤ በዓል ቀን ተጠመቀ። ኦኔሲሞስ የሚለውን ስም የያዘው ያኔ ነው። አሁን የፊልሞናን መልእክት አውጡና ተመልከቱ። ኦኔሲሞስ የፊልሞና ባሪያ ነበረ፣ ከጌታው ጠፋ፣ ጳውሎስን በእስር ቤት አገኘው፣ በዚያም አመነ። የስሙ ትርጉም ጠቃሚ ማለት ነው። ጳውሎስም በዚህ ስም እየተጫወተ ለፊልሞና ይጽፍለታል፤ በፊት የማይጠቅም የነበረው አሁን ለአንተም ለእኔም ይጠቅማል ይለዋል በሐሳቡ። ደግሞም እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም ተቀበለው፣ ዕዳ ካለበት በእኔ ላይ ቁጠረው ብሎ ይለምንለታል። ስምንት ጊዜ የተሸጠ ልጅ ይህን ደብዳቤ ሲሰማ ምን ተሰምቶት ይሆን? ሌላ ሰው ዕዳህን እኔ እከፍላለሁ ሲል?

ነሲብ የሚለውስ? ሱዳን የኖራችሁ ዓረብኛውን ታውቁታላችሁ፣ ድርሻ፣ ዕጣ ማለት ነው። ስለዚህ ይህ ሰው ሲጠራ ወላጆቹ ያወጡለት ሂካ፣ የመጽሐፍ ቅዱሱ ኦኔሲሞስ፣ የዓረብኛው ነሲብ፣ ኋላም አባ ገመቺስ ተባለ። እኛም ራሽን ካርድ ላይ ስማችን ተበላሽቶ የተጻፈብን ብዙ ነን። አንዱ የአያቱን ስም እንደ አባቱ ተጽፎበት፣ ሌላዋ ዕድሜዋ አሥር ዓመት ተጨምሮላት። በዚህ የተናደደ ሰው የኦኔሲሞስን አራት ስም ያስብ።

ከጥምቀቱ በኋላ በትምህርት ቤቱ ጎበዝ ተማሪ ሆነ። ስለዚህ በ1876 ስዊድን ላኩት። ስቶክሆልም አጠገብ ዮሐኔሉንድ የሚባል የወንጌል መልእክተኞች ማሠልጠኛ ነበረ፣ እዚያ አምስት ዓመት ተማረ። እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ አምስት ዓመት በባዕድ ቋንቋ ተቀምጦ መማር ምን እንደሚመስል ሙሉ በሙሉ አላውቀውም። ግን አስቡት። ሃያ ዓመት የሞላው ልጅ፣ ኢሉባቦር ተወልዶ ምጽዋ ያደገ፣ በታኅሣሥ ፀሐይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን የምትጠልቅበት አገር። ከጎኑ የሚቀመጡት ተማሪዎች የገበሬና የሠራተኛ ልጆች ቢሆኑም አገራቸው ነው፣ በዓል ሲመጣ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። እሱ የሚሄድበት ቤት የለውም። የእናቱን ቋንቋ የሚናገርለት ሰውም የለም። ይህን የኋለኛውን ነገር ያዙት፣ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ተለማማጅ አገልጋይ ስትሆኑ ሁላችሁም የምታስቡት አንድ ነገር አለ። ትምህርቱ ያልቃል፣ ሰርተፍኬት ይሰጣል፣ ከዚያ ሥራው ይጀመራል ብላችሁ ነው። ኦኔሲሞስም በ1881 ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ምጽዋ ሲመለስ ሁሉ ነገር እንደዚያ ይመስል ነበር። ምሕረት ኃይሉ የምትባል እኅት አገባ። ወዲያውም ወደ ኦሮሞ አገር ሊሄድ ከተነሣው የሚስዮን ቡድን ጋር ተቀላቀለ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ወደተነጠቀበት አገር፣ አሁን ነፃ ሰው፣ የተማረ ሰው፣ ባለ ትዳር ሆኖ። ዕድሜው ሃያ አምስት ገደማ ነው። ከዚህ የተሻለ ጅማሬ ምን አለ?

መንገዱ ግን እንደምታስቡት በትግራይና በጎጃም በኩል አልነበረም። በኢትዮጵያ ደጋ በኩል ለሚስዮናውያን ማለፊያ የለም። ስለዚህ ዞረው በሱዳን ሊገቡ አሰቡ። በዚያ ዘመን ከቀይ ባሕር ወደ ካርቱም የሚሄድ ሰው መንገዱ እንዲህ ነበር። በጀልባ ሱዋኪን፣ ከሱዋኪን በግመል በረሃውን አቋርጦ በርበር፣ ከበርበር ዓባይን ይዞ ወደ ላይ ካርቱም። ከካርቱም ደግሞ ጥቁር ዓባይን ይዞ በሰናርና በሮሰሬስ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር። ከመካከላችን ይህንን የኋለኛውን መንገድ በተቃራኒው፣ ከኢትዮጵያ ወደ ሱዳን፣ በእግሩ የመጣ አለ። ምን ዓይነት ፀሐይ እንደሆነ እሱን ጠይቁት።

ፋማካ የምትባል የድንበር ከተማ ደረሱ። በአሶሳ አቅራቢያ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ተራራ ነው፤ ተራራውን ከወጡ አገሩ ነው። እዚያ ላይ ቆመ። መግባት አልተቻለም። ቡድኑ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ኦኔሲሞስም በትኩሳት ታመመ። ሚያዝያ 10 ቀን 1882 ታሞ ካርቱም ገቡ።

እስቲ ካርቱምን የምታውቁ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሚያዝያ ካርቱም ውስጥ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ግድግዳው ራሱ ይተነፍሳል፣ ሐቡብ ሲነሣ ቀኑ ይጨልማል። ትኩሳት ያለበት ሰው በዚያ ሙቀት ሲተኛ የት ይሸሻል? ያኔ ዴም የለ፣ ጅሬፍ የሐበሻ ሰፈር የለ፣ ቡና አፍልታ ገንፎ የምታመጣለት የአገር እናት የለች። ካርቱም በግብፅና በቱርክ መንግሥት ሥር የነበረች የአስተዳደር ከተማ ነበረች። የባሪያ ንግድ በወረቀት ቢከለከልም ነጋዴዎቹ ገና ነበሩ። ስምንት ጊዜ የተሸጠ ሰው እንዲህ ባለች ከተማ ታሞ ተኝቶ ነበር ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበትን ሙግራንን አይታችሁታል። በዓርብ ቀን ስንት ጊዜ እዚያ ቆመን ውኃውን አይተናል! ዴዴሳና ዳቡስ ከወለጋ በኩል ወርደው ጥቁር ዓባይ ይገባሉ። ባሮ ደግሞ ከኢሉባቦር ወርዶ በሶባት በኩል ከነጭ ዓባይ ይቀላቀላል። እሱ ሊገባበት ያልቻለው አገር ውኃ በግራም በቀኝም በከተማዋ አጠገብ ያልፍ ነበር። እሱ ይህን አስቦት ይሁን አይሁን አይደለም ነገሩ። እኔ ካርቱም ስኖር ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፤ ውኃው ከአገሬ መጣ፣ እኔም ከአገሬ መጣሁ፣ ውኃው ግን ሳይጠየቅ ወደ ግብፅ ያልፋል።

ከእሱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1881፣ ዳንኤል ኮምቦኒ የሚባል የካቶሊክ ጳጳስ እዚያችው ካርቱም ውስጥ ሞቶ ነበር። ልጆቻችንን ያስተማርንበት ኮምቦኒ ትምህርት ቤት የተሰየመው በእሱ ስም ነው። የእሱ ሐሳብ አፍሪካ በራሷ ልጆች ወንጌልን ትስማ የሚል ነበር። እሱ ከተቀበረ በኋላ ብዙም ሳይቆይ አንድ የአፍሪካ ልጅ፣ ለራሱ ሕዝብ ሊሰብክ የተማረ፣ ወደዚያች ከተማ ታሞ ገባ። ሁለቱ አልተገናኙም፣ ቤተ ክርስቲያናቸውም ይለያይ ነበር። ዝም ብዬ ነው የጻፍኩት፣ ለኔ ግን ደስ ይለኛል።

ጦርነትም እየመጣ ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በሰኔ 1881፣ መሐመድ አሕመድ በነጭ ዓባይ ላይ በአባ ደሴት ማሕዲ ነኝ ብሎ ተነሥቶ ነበር። ኦኔሲሞስ ካርቱም በገባበት ጊዜ እሳቱ ገና መያያዙ ነው። ሲሻለው ከዚያ ወጥቶ ወደ ምጽዋ ተመለሰ። በጥር 26 ቀን 1885 ማሕዲስቶች ካርቱምን ያዙ፣ የእንግሊዙን ጄኔራል ጎርደንን ገደሉ፣ ብዙ ሕዝብ አለቀ። እኛም ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ካርቱም ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት በተኩስ የነቃን ነን። የወጣነው ወጣን፣ ያልወጡትን ደግሞ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ትኩሳቱ አዳነው፣ ወደ ኋላ መመለሱ በረከት ነበር የሚል ሰው ይኖራል። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን የወጣሁ ሰው ሆኜ ስለ መውጣት በረከት ብዙ መናገር ይከብደኛል። ያልወጡትም ጸልየው ነበር።

እንግዲህ ወደ ምንባባችን እንምጣ። የሐዋርያት ሥራ 16 ላይ ጳውሎስና ሲላስ በእስያ ቃሉን እንዳይናገሩ ተከለከሉ። ወደ ቢታንያ ሊሄዱ ሞከሩ፣ የኢየሱስ መንፈስ አልፈቀደላቸውም። ከዚያ ጢሮአዳ ወረዱ፣ ሌሊትም ጳውሎስ የመቄዶንያውን ሰው ራእይ አየ። ይህን ክፍል ስንሰብክ ብዙ ጊዜ ወደ ራእዩ እንሮጣለን። ክልከላው ሁለት ቁጥር ነው፣ ራእዩ ይመጣል፣ በቃ ተነሥተው ይሄዳሉ። ነገር ግን ሉቃስ በአንድ መሥመር ያለፈውን መንገድ እነሱ በእግራቸው ነው የሄዱት። ከልስጥራንና ከኢቆንዮን አካባቢ እስከ ጢሮአዳ ድረስ ስንት ሌሊት እንዳደሩ፣ ወዴት እንደሚሄዱ ሳያውቁ ስንት ቀን እንደተጓዙ አስቡ።

የኦኔሲሞስ ክልከላ ስንት ዓመት ቆየ መሰላችሁ? ከ1881 እስከ 1904። ሃያ ሦስት ዓመት።

በእነዚህ ዓመታት ውስጥ አንድ ጊዜ እንደገና ሞከረ። በሌላ በኩል ዞረው እስከ እንጦጦ ደረሱ። ምኒልክ ግን ወደ ወለጋ ማለፍን አልፈቀዱላቸውም፣ ተመልሰው ምጽዋ። ሁለት ጉዞ፣ ሁለት መመለስ። ኢንተርቪው ተጠርቶ ሄዶ፣ ጎረቤት ሁሉ ተሰናብቶት፣ ዕቃውን አከፋፍሎ፣ ከዚያ ተመልሶ የመጣ ሰው ካምፓችን ውስጥ አለ። ያ ሰው ሲመለስ ጎረቤቱን ለማየት እንዴት እንደሚያፍር ታውቃላችሁ። እስቲ ኦኔሲሞስ ከሁለተኛው ጉዞ ሲመለስ እምኩሉ ያሉት ሰዎች በምን ዓይን አዩት?

እምኩሉ ከምጽዋ አጠገብ ያለች የሚስዮኑ ሰፈር ናት። እዚያ ከባርነት የወጡ የኦሮሞ ልጆች ይሰበሰቡ ነበር። ኦኔሲሞስ እነሱን ያስተምር ነበር፣ ማታም ይተረጉም ነበር። መተርጐም የጀመረው ከካርቱም ከተመለሰ በኋላ ነው። መጀመሪያ ትንንሽ ነገር፣ መዝሙር፣ የሉተርን ትንሹን የትምህርት መጽሐፍ። ከዚያ መጽሐፍ ቅዱስን ያዘ።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ነገር ልመለስ። ይህ የተማረ ሰው፣ ስዊድንኛ የሚያነብ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ሊተረጉም ሲቀመጥ ኦሮምኛው አነሰው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከሚናገሩት ሰዎች ተለይቷል። የልጅ ቋንቋ ነበረው፤ እናቴ፣ ውኃ፣ እራብ። ስለ ጽድቅ፣ ስለ ኪዳን፣ ስለ እርሻና ስለ ሽምግልና ግን ሽማግሌዎች የሚናገሩትን ቃል ከየት ያምጣ? ስሙ ተርጓሚ የሆነ ሰው ቃል አጣ።

በ1886 የኢጣሊያ መርከቦች ባሪያዎችን ወደ ዓረብ አገር የሚያሻግር ጀልባ ያዙ። ከተያዙት መካከል አስቴር ገኖ የምትባል የአሥራ አራት ዓመት ገደማ ልጅ ነበረች። እምኩሉ አመጧት፣ ትምህርት ቤት ገባች። ቋንቋው ከእሷ ጋር ነበረ። የቆየችው ካደገች በኋላ ነውና ተረቱን፣ ምሳሌውን፣ እንቆቅልሹን፣ ዘፈኑን ሁሉ ታውቅ ነበር። አእምሮዋ ደግሞ የሚገርም ነበር። አምስት መቶ ያህል ተረትና ምሳሌ፣ እንቆቅልሽና ዘፈን ጻፈች። በ1894 ከኦኔሲሞስ ጋር የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። ለመጽሐፍ ቅዱሱ ትርጉም የሚሆነውንም የቃላት ስብስብ ያዘጋጀችው እሷ ናት።

ወንድሞች፣ እዚህ ላይ በተለይ እናንተ አድምጡ። ሰውየው አምስት ዓመት ማሠልጠኛ የተማረ መምህር ነው። ልጅቷ ትናንት ከመርከብ የወረደች፣ በዕድሜም አሥራ ስድስት ዓመት ገደማ የምታንሰው። ቃል ሲያጣ የሚሄደው ወደ እሷ ነው። ተለማማጅ አገልጋይ ብዬ ብጠራው አይከፋውም መሰለኝ፤ በአርባ ዓመቱ ገደማ ከተማሪው እየተማረ ነበር። ይህ ማንም በሰርተፍኬት የማይሰጠው ነገር ነው። እኛ ኅብረት ውስጥ ግን ሁለት ወር ኮርስ የወሰደ ልጅ ከዚያ በኋላ እናቶች ሲጸልዩ እንኳ ያርማቸዋል።

ልጆቻችንም ቋንቋቸው እየጠፋ ነው። ከፊሉ ዓረብኛ፣ ከፊሉ እንግሊዝኛ፣ ከፊሉ የካምፑን ቅልቅል ይናገራሉ። እናቶቻቸው የሚያውቁት ተረትና ምሳሌ በማንም ደብተር ላይ አልተጻፈም። ከመካከላችሁ አንዷ፣ ፈቃደኛ የሆነች፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ራሽን ሰልፍ ላይ ስትቆም ደብተር ይዛ ብትቆም ምን ይቀራታል? ያ ሰልፍ ሦስት ሰዓት ነው። ከፊትዋ ያሉት እናት ከወለጋ፣ ከኋላዋ ያሉት ከወሎ ናቸው።

አዲስ ኪዳን በኦሮምኛ በ1893 ወጣ፣ መጽሐፍ ቅዱሱ በሙሉ በ1899። የተጻፈው በራሳችን ፊደል ነው። የታተመው ስዊስ አገር ባዝል ከተማ አጠገብ፣ ቅዱስ ክሪሾና በሚባል ቦታ ነው። ኦኔሲሞስ ራሱ ሄዶ እርማቱን ተከታተለ። ለኮምፒዩተር ለለመዳችሁ ልጆች እያንዳንዱ ፊደል በእጅ ከእርሳስ እየተለቀመ ይደረደር እንደነበር ልንገራችሁ፤ አንድ ነጥብ ስትሳሳት ሌላ ቃል ትሆናለች።

እሱ በዚህ ላይ ሳለ ሌሎች ቀድመውት ገቡ። ገብረ ኤዎስጣቴዎስ የሚባል የሐማሴን ሰውና ዳንኤል ደበላ በ1890ዎቹ መጨረሻ ወለጋ ቦጂ ደርሰው ማስተማር ጀመሩ። አስቡት። አገሩ የእሱ ነው፣ ቋንቋው የእሱ ነው፣ መጀመሪያ የተላከው እሱ ነው፣ መንገድ ላይ የታመመው እሱ ነው። መጀመሪያ የገባው ግን የሐማሴን ሰው ነው። ከእናንተ አንዱ ከጓደኛው በፊት ተመዝግቦ ጓደኛው ካናዳ ሲሄድ አውሮፕላን ማረፊያ ባይሆንም አውቶቡሱ ድረስ ሸኝቶት የተመለሰ አለ። ሻንጣውን ተሸክሞለት። እኔ ያንን ልጅ አይቼዋለሁ፣ ስለ እሱ ጌታን አመሰግናለሁ።

ቦጂ የገቡት ሰዎች የሚያስተምሩበት የኦሮምኛ ወንጌል ግን የኦኔሲሞስ ትርጉም ነበር።

በ1904 ራሱ ኦኔሲሞስ ከአስቴርና ከሌሎች ጋር ወለጋ ገባ። አርባ ስምንት ዓመት ገደማ ሆኖታል። ነቀምቴ ላይ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ማለት ኩምሳ ሞሮዳ፣ በደስታ ተቀበሉት። ትምህርት ቤት ከፈተ። በሕዝቡ ቋንቋ ሰበከ፣ ሕዝቡም ሰማው። በዚያ ምክንያት ተከሰሰ። በ1906 አዲስ አበባ ጠርተውት አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረበ፣ እንዲባረር ተፈረደበት። አጼ ምኒልክ ፍርዱን አሻሻሉና ወደ ነቀምቴ ይመለስ፣ ግን እንዳይሰብክ ተባለ።

እንዳይሰብክ! ሃያ ሦስት ዓመት ጠብቆ፣ ሁለት ዓመት ያህል ሰብኮ፣ እንደገና ዝም በል። ይህ ትእዛዝ አሥር ዓመት ያህል ቆየበት። እዚህ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ መጽሐፉን አጥፌ ለጥቂት ጊዜ እቀመጣለሁ። ስለ ክስ የምናወራው የኦርቶዶክስ ወንድሞቻችንን ለመውቀስ አይደለም፤ ከእነሱ ጋር በአንድ ቧንቧ ውኃ እንቀዳለን፣ በአንድ መቃብር እንቀብራለን። ዘመኑ እንደዚያ ነበር። ግን ስለ ጥሪያችሁ ስታለቅሱ፣ ጥሪ ያለበት ሰው በር አንድ ጊዜ ከተከፈተለት ዳግም አይዘጋበትም ብለው የሚነግሯችሁን አትስሙ። ለአባ ገመቺስ ተዘግቷል፣ ሦስት አራት ጊዜ።

በ1916 ልጅ ኢያሱ እንዲሰብክ ፈቃድ ሰጡት። በዚያው ዓመት ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ፣ ፈቃዱን ግን ማንም አልሻረውም። ያኔ ዕድሜው ስድሳ ነበር። ካርቱም ላይ ታሞ ከተኛ ሠላሳ አራት ዓመት አልፎታል። ከዚያ በኋላ አሥራ አምስት ዓመት ሰበከ፣ መጽሐፉንም አደለ። ሰኔ 21 ቀን 1931 ነቀምቴ ላይ ወደ ጌታ ሄደ። ወለጋ አይራ ያለው የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ ከእናንተ መካከል አንዳንዶቹ ልትገቡበት የምትመኙት ነው።

አስቴር ገኖ ከእሱ በኋላ ሠላሳ ሦስት ዓመት ኖረች። ያረፈችው በ1964 ነው። ወለጋ ያደጋችሁ አያቶቻችሁ በልጅነታቸው አይተዋት ይሆናል፣ ጠይቋቸው።